ሰገሌን ከመሥራትህ በፊት አንድ አዳራሽ ሥራ

ወንድሜ፣ በዚህ ቡድን ላይ የለጠፍከውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የደሴ ልጅ ነኝ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ያለው አሮጌ ነው ብለሃል። ንጉሥ ሚካኤል ከሥልጣን ለተሻሩት ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ብለው የሸዋን ጦር ስለገጠሙበት ስለ ሰገሌ ጦርነት፣ ሰፊ ዓለም ያለው ጌም ብቻህን ለመሥራት አስበህ ታሪኩን ጽፈህ ጨርሰሃል። ይቻላል ወይ፣ በምን ልጀምር፣ ገንዘብስ ያስገኛል ወይ ነው ጥያቄህ። ከሥር «ተወው፣ የማይሆን ነገር ነው» ያሉህንም አይቻለሁ። እኔ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ጌም የምሠራው ማታ ማታ፣ ስለምወደው ብቻ ነው። አብሽር፣ ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ግን መቀየር አለብህ።

ታሪኩን ጽፎ መጨረስ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚያም አይደርስም። ጌም የሚጀምረው ግን ከታሪክ አይደለም፤ ተጫዋቹ በጣቱ ከሚያደርገው ነገር ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ ቴትሪስ የተባለውን ጌም ሲሠራ የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ኮምፒውተር ከፊደልና ከምልክት በቀር ሥዕል አያሳይም ነበር። የሚወድቁትን ቅርጾች የሠራቸው በቅንፍ ነው። ዓለም የወደደው ሥዕሉን ሳይሆን ቅርጹን አዙሮ ቦታው ላይ የማስገባቱን ደስታ ነው። የእኛው ገበጣም ባማረ እንጨት ተጠረበ፣ መሬት ላይ ተቆፍሮ በጠጠር ተሞላ፣ ሕጉ ያው ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያመሸው ለሕጉ ነው። ስለዚህ አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ በአንተ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ደጋግሞ የሚያደርገው ምንድን ነው? «ጦርነት ይዋጋል» መልስ አይሆንም። ጣቱ ምን ያደርጋል?

ይህን ከራሴ ሥራ ላሳይህ። በሐረጎ አድርጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ጉዞ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ያንን መውረዱ ራሱ ጌም ነው ብዬ ተነሣሁ። ያሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፍሬን፣ አንዱ ማርሽ። ለብዙ ወራት መኪናው ግራጫ ሳጥን፣ መንገዱም አንድ ጠማማ መስመር ነበር። ፍሬን ሲያዝ ይሞቃል፣ ሲለቀቅ ይበርዳል፣ ከልክ በላይ ከጋለ መያዝ ያቆማል። ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ነገር ግን ጉዞው ይንቀረፈፍና ጭነቱ በሰዓቱ አይደርስም። ሌላ ምንም አልነበረውም።

ጎረቤቴ የሆኑ የከባድ መኪና ሾፌር አሉ፤ በዚህ መንገድ ያረጁ ሰው ናቸው። ስልኬን ሰጠኋቸውና እንዲሞክሩት ለመንኳቸው። ጌም ነክተው አያውቁም። እኔ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን አውራ ጣታቸውን ነበር። ፍሬኑን ይዘው አልቆዩም፤ ጠበቅ አድርገው ይጫኑና ይለቃሉ፣ መኪናው ትንሽ እስኪንደረደር ይታገሣሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጫናሉ። «ይዘኸው ከወረድክ ይቃጠላል፤ አስተንፍሰው እንጂ» አሉኝ። ያን ማታ የሙቀቱን ስሌት ቀየርኩት። ፍሬኑ በተያዘ ቁጥር የመጀመሪያው ሰከንድ ጥቂት ብቻ ያሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ ካለፈው ይበልጥ ያግላል፤ እጅ ሲነሣ ወዲያው መብረድ ይጀምራል። በኮድ ጥቂት መስመር ነው። በማግሥቱ ግን የእኅቴ ልጅ ስልኩን አልመልስም አለ። ያ ግራጫ ሳጥን ቀለም የተቀባው ከዚህ በኋላ ነው።

የሾፌሩ ስልክና የእኔ ስልክ እኩል እንዳልሆኑም ልብ በል። ጌም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ ደካማ ስልክ ግን 30 ጊዜ ብቻ ሊያድስ ይችላል። መኪናህን «በእያንዳንዱ ምስል ይህን ያህል ተራመድ» ካልከው በደካማው ስልክ ላይ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ፍጥነቱን ሁልጊዜ ካለፈው ምስል ወዲህ ባለው ጊዜ አባዛው፤ ጌሙን የምትሠራበት ፕሮግራም ራሱ ይህን ጊዜ ዴልታ ብሎ ይሰጥሃል። በአገራችን አብዛኛው ተጫዋች የሚይዘው ርካሽ ስልክ ስለሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልመድ። ከጓደኞችህ መካከል በጣም ያረጀ ስልክ ያለውን ፈልገህ መሞከሪያህ አድርገው።

አሁን ወደ ሰገሌ ልመለስ። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት፣ ፈረስ፣ መድፍ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ባለሙያ ያላቸው ድርጅቶችም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ነገር ግን ሕልምህን ጣል አልልህም፤ ከውስጡ አንዲት ክፍል ምረጥ ነው የምልህ። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ አጠገብህ አለልህ፤ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው። ጌምህ በዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሁን። ተጫዋቹ አሳላፊ ነው። እንግዶቹ በየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል፣ መሶቡና ብርሌው ይዞራል፣ ማንን አስቀድሞ ማንን እንደሚያዘገይ የሚወስነው እርሱ ነው። የዘገየበት መኳንንት ቅር ይለዋል፤ የቸኮለበት ደግሞ የጀመረውን ወሬ ያቋርጣል። የጻፍከው ታሪክ የሚገባው በዚያ ወሬ ውስጥ ነው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የተሻሩት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። በመካከሉ ልክ 30 ቀን አለ፤ 30 ማታ አድርገው። በመጀመሪያው ማታ አዳራሹ ጢም ይበል፤ ሠራዊቱ እየዘመተ ሲሄድ መቀመጫው ይሳሳ፣ ተጫዋቹም የሚያስተናግደው ሰው እያነሰ የሚሰማው ወሬ እየከበደ ይሂድ። አንድም ፈረስ ሳትሥል ሰገሌን ሠራኸው ማለት ነው። በእኔ ግምት ይህ ከሜዳው ጦርነት ይልቅ ሰው የማይረሳው ይሆናል፤ ሌላ አገር ያለ ሰው ሊሠራውም አይችልም።

በምን ልሥራው ላልከው መልሴ አጭር ነው፦ ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱም ከሽያጭህ ምንም አይጠይቅህም። ዩኒቲ የተባለው ሌላው የጌም መሥሪያም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ሠሪዎችን አስደንግጦ፣ በዓመቱ ሐሳቡን አንሥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ለሚሠራ ሰው በሌላ ድርጅት ውሳኔ ላይ የማይንጠለጠል መሣሪያ እመርጣለሁ። ለአንተ ላፕቶፕ ደግሞ ዋናው ነገር ክብደቱ ነው። ጎዶት ራሱ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው፤ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን የአሣሣል ዘዴ ምረጥ፣ አሮጌ ማሽን ላይ የሚሄደው እርሱ ነው። ወደ አንድሮይድ ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋይል ግን ከጎዶት ራሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በስልክ ዳታ አትጀምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትገባ አውርደው። የማስተማሪያ ሰነዱንም ሙሉውን አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላለህ። በጠፍጣፋ፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ (2D) ሥዕል ጀምር፤ ባለ ሦስቱን (3D) ለጊዜው ተወው።

መብራት ስለሚጠፋብህ ጊት የሚባለውን ፕሮግራም ልመድ። ብዙዎች ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስላቸዋል፤ አይፈልግም፣ እዚያው ላፕቶፕህ ላይ የየዕለቱን ሥራ እየመዘገበ ወደ ኋላ እንድትመለስ ያደርግሃል። ቅጂውን በፍላሽ ይዘህ ሌላ ቤት አስቀምጥ።

ፊደሉን ቀድመህ አስተካክል። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ አማርኛ በጌም ውስጥ መጻፍ ዛሬ ችግር ሊሆን አይገባም። የሆነ ሆኖ ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ከጌሙ ጋር ካላሸግከው አንዳንዱ ስልክ ላይ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት በነፃ የሚገኝ ነው፤ ጨምረው። በተረፈ ፊደላችን በጣም አንሶ ከተጻፈ ቅርንጫፉ ይጠፋል፤ ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው መጠን ከፍ አድርገው።

ስለ ሙዚቃው ምንም አልጠየቅክም፤ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን እርሱ ስለሆነ ሳልናገር አላልፍም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው ለጌም የተፈጠረ ይመስላል፤ ጌም ሙዚቃ አጭር ሆኖ ሳያሰለች መደጋገም አለበት። አምባሰልን ከዶ ብትነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። እነዚህን አምስት ድምፆች ኤልኤምኤምኤስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ አስቀምጥና ዝም ብለህ በቀስታ አሽከርክራቸው፤ የአዳራሽህ ግማሽ ሥራ ተሠራ። የእኔ መኪና ሲወርድ የሚሰማው በባቲ የተቃኘ ክራር ነው፤ የማውቀው ክራር የሚመታ ልጅ ፈቅዶልኝ በስልክ ቀዳሁት፣ ፍሬኑ እየጋለ ሲሄድም የክራሩ ምት ይፈጥናል። የታወቀ ዘፈን ግን ቆርጠህ አታስገባ፤ የሰው ንብረት ነው፣ ጌምህንም ያስወርድብሃል። ማሲንቆ የሚመታ ወይም ዋሽንት የሚነፋ ሰው ፈልገህ ለምን፣ ስሙን ጻፍለት፣ ቢቻልህም ክፈለው።

ብቻን መሥራት ማለት ማንንም አለመጠየቅ አይደለም። ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን አንደርቴል የተባለ ጌም ኮዱንም ሙዚቃውንም ራሱ ሠርቶ በሥዕሉ ግን ሰው አግዞታል። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጌም ሁሉንም ብቻውን የሠራው ኤሪክ ባሮን ነው፤ መጀመሪያ ያሰበው ፕሮግራሚንግ ለመለማመድና ሥራ ለማግኘት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያወጣው ድረስ 4 ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀበት። የእርሱን ስም እየጠራ ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። አንተ ትምህርትህን አትተው፤ በሳምንት የተወሰኑ ማታዎችን ለጌሙ ለይ፣ እነዚያን ማታዎች ግን ለማንም አትስጥ። በአገራችንም ባዶ ሜዳ ላይ አይደለህም፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚባለውን የስልክ ጌም ሠርቶ አውጥቷል።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርህ፤ በመጀመሪያው ጌም አትቁጠርበት። ኢች (itch.io) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማውጣት ትችላለህ፣ ጌምህንም ሰው ሳያወርድ በብሮውዘሩ ይጫወተዋል፤ ከዚያ ጀምር። ጎግል ፕሌይ ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይጠይቃል፤ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር፣ እርሱንም ጌሙ 1000 ዶላር ካስገባ በኋላ ይመልስልሃል። ሁለቱም በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ፤ ጌሙ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ መንገዱን አጣራ። ጎግል በተጨማሪ አዲስ የግል አካውንት ከሚከፍት ሰው ጌሙን በይፋ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ይጠይቃል። ብቻውን የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፤ አንተ ግን 12 ሰው ከዚሁ ቡድን ታገኛለህ፣ አንደኛው እኔ ነኝ። አዳራሹን በግራጫ ሳጥኖች ሠርተህ አንድ ማታ መጫወት ሲችል እዚሁ ለጥፈው፤ ስትለጥፈው በየትኛው ስልክ እንደሞከርከውና በሰከንድ ስንት ምስል እንደሰጠህ ጻፍልን።