«እመጣ ነበር» ወይስ «በመጣሁ ነበር»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስፔን፣ ቫሌንሲያ ነው። ማታ ማታ ስፓኒሽ እማራለሁ። ባለፈው አስተማሪያችን «ሲ ሜ ኡቢዬራስ ያማዶ፣ አብሪያ ኢዶ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈችና በየቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ አለችን። እኔ «ብትደውልልኝ ኖሮ እመጣ ነበር» አልኩ። አብራኝ የምትማረው ያገሬ ልጅ ግን «በመጣሁ ነበር ነው የሚባለው» ብላ ድርቅ አለች። የቱ ነው ልክ? «አብሪያ» ማለትስ «ነበር» ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የእርቁን ቡና ማን ያፍላ የሚለውን እናንተው ጨርሱት።

በመጀመሪያ አንዲት ነገር ላንሳ። ስፓኒሹ «ኢዶ» ይላል፤ ቃል በቃል «ሄዶ» ነው። እርስዎ ግን «እመጣ» አሉት፤ ደግም አደረጉ። እኛ ሰው ሲጠራን «መጣሁ!» ብለን ነው የምንነሳው። እነሱ «ቦይ» ይላሉ፣ «እሄዳለሁ» እንደማለት። ከዚህ በኋላ ግን ምሳሌዬን በ«ሄደ» እቀጥላለሁ፤ ለንጽጽር ይመቻል።

የጭቅጭቃችሁ ምንጭ «ነበር» ናት። ብዙ ቦታ ትገባለች። «ልጅ ሳለሁ እሁድ እሁድ አያቴ ቤት እሄድ ነበር» ሲባል ልማድ ነው፤ ስፓኒሹ «ኢባ» ይለዋል። «ስትደውል ሄጄ ነበር» ካልን ቀድሞ ያለቀ ድርጊት ነው፤ «አቢያ ኢዶ»። «ልሄድ ነበር፣ ዝናብ ያዘኝ» ደግሞ ሐሳብ ብቻ ነው፤ «ኢባ አ ኢር»። «ብትነግረኝ ኖሮ በሄድኩ ነበር» ስንል ነው «አብሪያ ኢዶ» የሚመጣው። ይሆን የነበረ፣ ግን ያልሆነ።

ችግሩ የመጀመሪያዋ «እሄድ ነበር» የመጨረሻዋንም ሥራ ደርባ መሥራቷ ነው። «ብትነግረኝ ኖሮ እሄድ ነበር» ማንም የሚለው አማርኛ ነው፤ እንዲያውም በንግግር የሚበዛው እሱ ነው። «ብትነግረኝ ኖሮ» የሚለውን ቆርጠው «እሄድ ነበር» ብቻ ቢሉ ግን ሰሚው ልማድ ይሁን ቁጭት አያውቅም። «በሄድኩ ነበር» ብቻውን ቢቆምም አያሳስትም። የጓደኛዎ ድርቅና መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እኔም ስጽፍ «በሄድኩ ነበር»ን እመርጣለሁ፤ ስልክ ላይ ግን እንዲያ ብዬ አላውቅም።

ሲያፈርሱት ደግሞ ጠንቀቅ ይበሉ። «ባልሄድ ኖሮ» ሁኔታው ነው፣ «ባልሄድኩ ነበር» ውጤቱ። በአንዲት «ኩ» ነው የሚለያዩት። «አልሄድኩም ነበር» ካሉማ ሌላ ወሬ ነው፤ እውነትም ሳይሄዱ ቀርተዋል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም የማይነሳ። «ታክሲው ባይዘገይ ኖሮ ይሄኔ ደርሼ ነበር።» እዚህ «ደርሼ ነበር» ያለቀ ድርጊት አይደለም፤ ተናጋሪው ገና መንገድ ላይ ነው። «ይሄኔ» የምትባለው ቃል ትርጉሙን ገልብጣዋለች። ስፓኒሹ «ያ አብሪያ ዬጋዶ» ይላል።

«አብሪያ» ማለት «ነበር» ማለት ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም፤ ግን ዘመድ ይመስላሉ። ስፓኒሾች «አቤር» የሚለውን ረዳት ግሥ ይወስዱና በየሰዉ ይለዋውጡታል፦ አብሪያ፣ አብሪያስ፣ አብሪያ፣ አብሪያሞስ፣ አብሪያይስ፣ አብሪያን። ዋናው ግሥ በ«አዶ» ወይም በ«ኢዶ» ያልቃል። አፈንጋጮቹን፣ ዲቾ፣ ኤቾ፣ ቢስቶ፣ ፑዌስቶ፣ ኤስክሪቶ፣ ሮቶ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል መያዝ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ይህ ዋና ግሥ ከ«አቤር» ጋር ሲሆን ለሴትም ለብዙም አይለወጥም። የእኛ ተቃራኒው ነው። እኛ ዋናውን ግሥ እንለዋውጣለን፣ ብሄድ፣ ብትሄጂ፣ ቢሄዱ፤ «ኖሮ» እና «ነበር» ንቅንቅ አይሉም። «ባውቅ ኖሬ» የሚል ሰው አልገጠመኝም።

ዝምድናው የሚገርመው ሥሩ ጋ ሲደርሱ ነው። የስፓኒሹ «ካንታሪያ» (እዘፍን ነበር፣ ሁኔታው ቢፈቅድ) የመጣው ከላቲኑ «ካንታሬ ሃቤባም» ነው። «ካንታሬ» መዝፈን፣ «ሃቤባም» ነበረኝ። «መዝፈን ነበረብኝ» እንደምንለው ያለ ነው። በዘመናት ብዛት «ሃቤባም» ተሸራርፎ ጅራቷ «ኢያ» ብቻ ቀረችና ከግሡ ጋር ተጣበቀች። ስለዚህ «አብሪያ» ሆድ ውስጥ ያለችው «ኢያ» የኃላፊ ጊዜ ረዳት ግሥ ቅሪት ናት። ያልሆነውን ነገር በኃላፊ ረዳት ግሥ መናገር የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የአማርኛው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እሄድ ነበር» ሲሉ አሁን ነው ወይስ አምና? ስፓኒሹ ይለያል፤ ለአሁኑ «ሲ ቱቢዬራ፣ ኢሪያ»፣ ለአምናው «ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ፣ አብሪያ ኢዶ»። እኛ «አምና» ብለን እንጨምራለን፣ ወይም «ደውለህልኝ ቢሆን ኖሮ» እያልን እናጠብቃለን። በዮሐንስ ወንጌል 11፥21 ማርታ የምትለው ይሄንኑ ነው፦ «በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር»። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሬይና ባሌራ በተባለው የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ኖ አብሪያ ሙዌርቶ» ተብሏል። ለፈተና የሚያጠኑ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።

ከስፓኒሹ «ሲ» (የእኛን «ብ…» ከምትተካው) ቀጥሎ «አብሪያ» እንዳያስገቡ። በሰሜን ስፔን፣ ባስክና ናቫራ አካባቢ፣ እንዲያ የሚሉ አሉ፤ አስተማሪዎ ግን በቀይ ታሰምርበታለች። በውጤቱ በኩል «አብሪያ»ን ትቶ «ኡቢዬራ ኢዶ» ማለት ግን ይቻላል።

«አብሪያ» ሁሉ ደግሞ ቁጭት አይደለም። «ስደውል ወጥቶ ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ግምት በ«አብሪያ ሳሊዶ» ይነገራል። «ዲሆ ኬ አ ላስ ኦቾ አብሪያ ቴርሚናዶ» ደግሞ «እስከ ሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ ብሎ ነበር» ነው። «ኦቾ» ስምንት ነው ብለው ስምንት ሰዓት እንዳይሉት ብቻ።

ክፉው ጋዜጣ ላይ ያለው ነው። «ኤል ሚኒስትሮ አብሪያ ዲሚቲዶ» የሚል ርዕስ፣ በተለይ በላቲን አሜሪካ ጋዜጦች፣ ያልተረጋገጠ ወሬ ነው። የቋንቋ አራሚዎች ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው ብለው አይወዱትም። አንዴ ለእርማት እጄ የገባ ትርጉም «ሚኒስትሩ ሥልጣን በለቀቁ ነበር» ብሎት አገኘሁ። ሰውዬው ለቀዋል እየተባለ፣ ተርጓሚው ወንበራቸው ላይ መልሶ አስቀመጣቸው። «ሚኒስትሩ ሥልጣን ሳይለቁ አልቀሩም ተባለ» ብዬ ቀየርኩት።