የጡት ካንሰር ወደ አንጎል ሽፋን ሲዛመት፦ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ የካንሰር ታማሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እህቴ የጡት ካንሰር ታክማ ነበር። አሁን ራሷን ያማታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። ማጅራት ገትር ይሆን? ይተላለፋል?

መልስ፦ ካንሰር አይተላለፍም። ማጅራት ገትር የሚያጠቃው ሽፋን ላይ የካንሰር ሕዋስም ሊያርፍ ይችላል። ሕዋሳቱ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በሚከበው ፈሳሽ ስለሚዘዋወሩ ምልክቱ ከብዙ ቦታ ይመጣል፦ ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የፊት መጣመም፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አለመቆጣጠር። እህትሽ ይህ ይዟታል ማለቴ አይደለም፤ የሚለየው ምርመራ ነው። በማስታገሻ እያሳለፋችሁ ግን አትጠብቁ፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ እናታችን ከጀርባዋ ውሃ ይወሰድ ተባለ። ሽባ ያደርጋል ብላ እምቢ አለች።

መልስ፦ ይህ ፍርሃት ስንቱን ከምርመራ አስቀርቷል! መርፌው የሚገባው ወገብ ላይ፣ ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት ዝቅ ብሎ ነው። በጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ይሰበስባሉ፤ ቦታው ይደነዝዛል፤ ከ150 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ጥቂቱ ይቀዳል፤ ሰውነት መልሶ ይተካዋል። በኋላ ራስ ምታት ቢመጣ ብዙውን ጊዜ ዕረፍት፣ ፈሳሽና ቡና ያስታግሱታል። አስቀድሞ ግን የአንጎል ምስል፣ ከተቻለ ኤምአርአይ ይነሡ፤ በጭንቅላት ውስጥ እብጠት ካለ መርፌው አደጋ አለው። ውጤቱ ንጹሕ ቢባልም አትዘናጉ፤ የመጀመሪያው ናሙና ብዙ ጊዜ ሕዋሱን ያመልጠዋል። ሐኪሙ እንደገና ይቀዳ ቢል እሺ በሉ።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ሕመሙን የሚገታ እንጂ ነቅሎ የሚያጠፋ የለም። ለሚያሠቃየው ቦታ ጨረር ይሰጣል፤ ሜቶትሬክሴት የተባለ የካንሰር መድኃኒት በቀጥታ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ ዕጢው ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን በብዛት ካለው እርሱን የሚያጠቃ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒትም አለ። ስለዚህ የድሮውን የጡት ናሙና ውጤት ፈልገህ ይዘህ ሂድ። ወንድሜ፣ ማወቅ ስላለብህ ልንገርህ፦ ካልታከመ ታማሚው ብዙውን ጊዜ በሕይወት የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ ሕክምና ወራት ሊጨምር ይችላል፣ ጥቂቶች ከዓመት ያልፋሉ። ማወቅ ከፈለገች ከእርሷም አትደብቃት። ለልጆቿ የምትናገረው፣ የምታደላድለው ነገር ይኖራታል።

ጥያቄ፦ ጠበል ብንወስዳትስ?

መልስ፦ ውሰዷት። የአንጎል እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን ጀምራ ከሆነ ግን በድንገት አታቋርጡባት፤ ሰውነቷ ሊዝል፣ የአንጎሏ እብጠትም ሊመለስ ይችላል። ሞርፊኗንም በሰዓቱ ስጧት።