የአጥንት መሳሳት ምርመራ፦ ጠይቁኝ

የአጥንትን እፍጋት በኤክስሬይ በሚለካው የዴክሳ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ቁጥር ስትጽፉ የየትኛው አጥንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ያረጠችው እናቴ የዳሌ ቲ-ስኮር -2.6 ነው። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የአጥንት መሳሳት አለባት። ቲ-ስኮር የአጥንቷን እፍጋት ከወጣት ሴቶች አማካይ ጋር ነው የሚያነጻጽረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ድንበሩን -2.5 ላይ አስምሯል።

ጥያቄ፦ እኔ 32 ዓመቴ ነው፤ ቲ-ስኮሬ...

መልስ፦ ካላረጥሽ ቲ-ስኮሩን ተይው። ዜድ-ስኮሩን እዪ፤ እሱ ከእኩዮችሽ ጋር ነው የሚያነጻጽርሽ።

ጥያቄ፦ የወገቤ አጥንት እፍጋት አምና 0.912 ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ዘንድሮ ሌላ ቦታ ተለክቼ 0.894 ሆነ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቺን ነበር ስጠብቅ! ሁለት ማሽን ማወዳደር የሁለት ሰው ስንዝር እንደ ማወዳደር ነው። በአንድ ማሽንም ቢሆን፣ ሰውዬው ከአልጋው ወርዶ ደግሞ ቢተኛ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርመራ ክፍል የራሱን ስሕተት ማወቅ አለበት። ለምሳሌ 30 ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካል፤ የተገኘው ስሕተት በ2.77 ይባዛል። ከዚያ ያነሰ ልዩነት ለውጥ አይባልም። ለወገብ ይህ ቁጥር ቢበዛ 5.3 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለኪው እንደገና ይሠልጥን። የአንቺ ልዩነት 2 በመቶ ገደማ ነው። እንኳን በሌላ ማሽን፣ በዚያውም ቢሆን «ቀነሰ» ለማለት አያስደፍርም። ደግሞ ለክትትል የሚወዳደረው ቲ-ስኮሩ ሳይሆን በግራም የተጻፈው እፍጋት ነው። አሁንም እላለሁ፦ ያው ማሽን!

አንድ አባል፦ ይኼ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? የተረከዝ አልትራሳውንድ አለ አይደል? ጨረር የለውም።

ሌላ አባል፦ ለክትትል አይሆንማ!

አንድ አባል፦ እኔ በየዓመቱ እለካበታለሁ፤ ምን ሆንኩ?

መልስ፦ ስብራት የሚያሰጋውን ሰው ለመጠቆም ይረዳል። ለክትትል ግን አይሆንም። የዴክሳ ጨረርም ከተፈጥሮ በጥቂት ቀን ከምናገኘው አይበልጥም። ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ።

ጥያቄ፦ የ78 ዓመቱ አባቴ ወገቡ ደህና ነው፤ ዳሌው ግን -2.7። የቱን እንመን?

መልስ፦ ዝቅተኛውን። በዕድሜ ወገብ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ የተጨፈለቀ አከርካሪም ይኖራል። ሁለቱም ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ምግብ ልብላ?

መልስ፦ ሐኪምሽን ጠይቂ። እኔ የማውቀው የካልሲየም ክኒን ከምርመራው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት እንደማይዋጥ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ -2.1 ነው። ጥሩ ነው?

መልስ፦ የየትኛው አጥንት? ኧረ በፈጠራችሁ፣ ከላይ አንብቡ!