«ዘንጉን በካምቢዮው» ወይስ «ካምቢዮውን በዘንግ»?

ጥያቄ፦ ሞተሩም ካምቢዮውም (ማርሽ መለወጫውም) ከጥቅም ውጭ ለሆነ ትንሽ ሞተር ብስክሌት የውኃ ፓምፕ ሞተር ገጠምሁለት። ፓምፑ የራሱ ካምቢዮ ስለሌለው፣ በሁለት ኩሽኔታ (ዘንግን ደግፎ በቀላሉ እንዲዞር በሚያደርግ ቀለበት) ላይ የሚዞር ዘንግ በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ሠርቼ በመሐል አስገባሁ፤ አንዱ ሰንሰለት ከሞተሩ ወደ ዘንጉ፣ ሌላው ከዘንጉ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። አሠራሩን ለሙያ ተማሪዎች ስጽፍ «ዘንጉን በካምቢዮው ተካሁት» ብዬ ነበር፤ ባልደረባዬ ግን «ገልብጠኸዋል» አለኝ። ልክ የሆነው ማን ነው? ዘንጉንስ ምን ብዬ ልጥራው?

መልስ፦ የባልደረባዎ ቅሬታ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ከሰዋስው ውጭ ነው ለማለት አልደፍርም። ችግሩ ያለው «ተካ» የሚለው ግሥ ሁለት ዐይነት ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም) የሚቀበል በመሆኑ ላይ ነው። «ልጅ አባቱን ተካ» ወይም «የሰበርኸውን ብርጭቆ ተካ» ስንል ተሳቢው ቦታውን የለቀቀው ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት «ተካልኝ» ብላ ስም ስታወጣ ግን ተሳቢው አዲስ የመጣው ነው፤ ፈጣሪ በሞተው ፋንታ ይህን ልጅ ተካልኝ ማለቷ ነውና። ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ሆኖም በዛሬው ጽሑፍ፣ በተለይም በመሥሪያ ቤትና በዜና ቋንቋ፣ «ሥራ አስኪያጁ በምክትላቸው ተተኩ» የሚለው አካሄድ ስለሠለጠነ፣ አንባቢ «በ» የተቀጠለበትን ስም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ያነበበ ተማሪ ዘንጉ ወጥቶ ካምቢዮ የገባ ይመስለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ «ካምቢዮውን በዘንግ ተካሁት» ይበሉ፤ ወይም ዘንጉን ማስቀደም ከፈለጉ «ዘንጉን በካምቢዮው ቦታ ተካሁት» ብለው ይጻፉ። «ቦታ» ወይም «ፋንታ» ከገባ ማሻማቱ ይቀራል።

እኔን ከተሳቢው ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ግሡ ራሱ ነው። «ተካ» ቦታ መያዝን ብቻ ሳይሆን የሥራ ወራሽነትንም ያመለክታል። ካምቢዮ የሞተሩን ዙር ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል፤ እንደ ዳገቱና እንደ ሜዳው ማርሽ ያስለውጣል፤ ሞተሩ እየሠራ ጎማው እንዲቆምም ፈት ያደርጋል። የእርስዎ ዘንግ የሚወርሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ሰንሰለቱ በሚጠመጠምባቸው ጥርሳም ክቦች፣ በሞተሩ ላይ 12፣ በዘንጉ መግቢያ 36 ጥርስ ቢኖር ዙሩ በ3 ይከፈላል፤ ከዘንጉ መውጫ 12፣ በኋላ ጎማው 36 ቢሆን እንደገና በ3 ይከፈላል፤ 3 በ3 ሲባዛ 9 ነውና በደቂቃ 3,600 ጊዜ የሚዞረው ሞተር ጎማውን 400 ጊዜ ያዞረዋል። በጉዞ ላይ ይህን መለወጥ አይቻልም፤ ፈት ማድረጉም ቢሆን ሞተሩ ሲፈጥን ራሱ በሚይዝና ሲዘገይ ራሱ በሚለቅ ፍሪሲዮን የሚከናወን እንጂ የዘንጉ ሥራ አይደለም። ስለዚህ «ተካ» ከማለት «በካምቢዮው ቦታ ገባ» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል፤ ተማሪውም ያልተሠራ ማርሽ ከመፈለግ ይድናል።

ስለ ስሙ፣ «መካከለኛ ዘንግ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመርጠውም፤ ትልቅም ትንሽም ያልሆነ ዘንግ ተብሎ ሊነበብ ይችላልና። ዙሩን ከአንዱ ሰንሰለት ተቀብሎ ለሌላው የሚያሳልፍ ስለሆነ «አሸጋጋሪ ዘንግ» ቢባል ሥራውን ይናገራል፤ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች «ጃክሻፍት» የሚለውን አንድ ጊዜ መጥቀስ በቂ ነው። ካምቢዮን፣ ኩሽኔታንና ፍሪሲዮንን ግን እንዳይነኳቸው፤ ከጣልያንኛ ቢመጡም ጋራዡ ተቀብሏቸዋል፤ በእነርሱ ፋንታ አዲስ ቃል መፍጠር ተማሪውን ከሠራተኛው ጋር ማራራቅ ነው።

እንግዲህ መግቢያዎ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በካምቢዮው ቦታ በሁለት ኩሽኔታ ላይ የሚዞር አሸጋጋሪ ዘንግ ገጠምሁ፤ ዘንጉ የሞተሩን ዙር ይቀንሳል፤ ማርሽ ግን አይለውጥም።»