ከመወልወልዎ በፊት ምላጩን ያንብቡት

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃዎች መካከል አንድ ተጣፊ የጢም ምላጭ አግኝቻለሁ። አንገቱ ላይ የዘውድ ምስል፣ በግራና በቀኙ «ቪ» እና «አር» የተባሉት የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም «ሼፊልድ ኢንግላንድ» የሚል ማኅተም አለበት። እጀታው ብርሃን የሚያሳልፍና የኤሊ ቅርፊት የሚመስል ነው። ምላጩ ዝጓል፤ የሚገርመው ግን ዝገቱ የበረታው ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ በሚገባው ክፍል ነው። ዕድሜውን እንዴት ልወቅ? በሞተር መወልወያ አጽድቼ ልላጭበትስ እችላለሁ?

መልስ፦ ሞተሩን ለጊዜው ይተዉትና ከማኅተሙ ይጀምሩ፤ የዕድሜው ዋና ማስረጃ እሱ ነውና። ሁለቱ ፊደላት እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችውን ንግሥት ቪክቶሪያን ያመለክታሉ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩ ስም መጻፉ ደግሞ ጊዜውን ያጠብበዋል፤ በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዙ ስላስገደደ፣ ከ1891 ጀምሮ ይህ ጽሑፍ በሼፊልድም ሆነ በጀርመኗ ዞሊንገን ምላጮች ላይ የተለመደ ሆኗል። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥር ዓመታት ይጠቁማሉ። ሆኖም የአገሩን ስም ቀደም ብለው የጻፉ፣ አሮጌ ማኅተምም ሳይለውጡ የቆዩ አምራቾች ስለሚኖሩ ግምቱን በምላጩ ቅርጽ ያመሳክሩት። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ የተሠሩት ምላጮች ጎናቸው እንደ ሽብልቅ ድፍን ሲሆን፣ ወደ ማብቂያው የተሠሩት ግን ጎናቸው ወደ ውስጥ እየጎደጎደ፣ ስለታቸውም እየሳሳ ሄዷል። ሻጮች ከግምቱ ውስጥ ሁልጊዜ የራቀውን ዓመት መርጠው መጥቀሳቸው አያስገርምም።

የዝገቱ አቀማመጥ እጀታውን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ከ1870 ወዲህ የኤሊ ቅርፊትና የዝሆን ጥርስ አስመስለው የሚሠሩ የሴሉሎይድ (ቀደምት የፕላስቲክ ዓይነት) እጀታዎች በዝተዋል። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ናይትሪክ አሲድ የሚፈጥር ትነት ያወጣል፤ ትነቱም የታጠፈውን ምላጭ ከውስጥ ይበላዋል። በጣትዎ አጥብቀው ሲያሹት የካምፎር (ለጉንፋን በሚቀቡ ቅባቶች ውስጥ ያለው ዓይነት ጠንካራ) ሽታ ከሰጠ ሴሉሎይድ ነው። በእሳት ግን ፈጽሞ አይሞክሩት፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሴሉሎይድ ከሆነ ምላጩን ምንም ያህል ቢያጸዱት ተመልሶ ስለሚዝግ፣ የችንካሩን ራስ በሞረድ አሳስተው እጀታውን ያውጡትና በቀንድ ወይም በእንጨት ይተኩት። የወጣውንም ከሌሎች ምላጮች አጠገብ አያስቀምጡት።

ለጽዳቱ የማሽን ዘይትና በእጅ የሚያዝ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ቀዩ ዝገት ይነሣ፤ ጥቁሩ ገጽታ ግን ብረቱን ስለማይጎዳ ቢቀር እመርጣለሁ፣ በተለይ በማኅተሙ ዙሪያ። የሞተር መወልወያ ማኅተሙን ከማጥፋቱም በላይ ሳሳ ያለውን ስለት በቅጽበት ያግለዋል። የምላጭ አረብ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተቀጠቀጠና ከጋለ በኋላ በድንገት በመቀዝቀዙ፣ ቀጥሎም 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሞቁ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 300 ተጠግቶ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ለስላሳ ይሆናል፣ ስለትም አይይዝም።

ሊላጩበት ካሰቡ በቅድሚያ ስለቱን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። ጥልቀት የሌላቸው የዝገት ጉድጓዶች በመሳል ይወገዳሉ፤ ስንጥቅ ካለ ግን ምላጩ ለመታያ እንጂ ለፊት አይሆንም። ጤነኛ ከሆነ በአልኮል አጽድተው ጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይ ላይ ጀርባውና ስለቱ እኩል እንዲነኩ አጋድመው፣ ከቁጥር 1000 ተነሥተው እስከ 8000 እየደቀቀ በሚሄድ ድንጋይ ይሳሉት፤ በመጨረሻም በቆዳ ጠፍር ላይ ጀርባውን አስቀድመው ይጥረጉት። የመሳያውን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ስለሆነ ጀርባውን ለማሳመር ብለው አያሳሱት።