የአንባቢያን ጥያቄ፦ በረዶው ፕላስቲኩን ወንፊት ሲያደርገው ማን ይከፍላል?

ከሆለታ የደረሰን ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሆለታ አካባቢ አንድ ሄክታር ተኩል መሬት ላይ አበባ አመርታለሁ። ግማሹ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ ጽጌረዳ ነው፣ ቀሪው ሜዳ ላይ ጂፕሶፊላና ስታቲስ። አብዛኛውን አዲስ አበባ ላሉ አበባ ቤቶችና ለሰርግ ዲኮር ሠሪዎች እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት በረዶ ጥሎ የአንዱን ቤት ፕላስቲክ ወንፊት አደረገው። ባንክ ለብድሩ ብሎ ያስገባኝ ኢንሹራንስ ነበረኝ። ካሳ ስጠይቅ ‹ያንቺ የእሳትና የመብረቅ ብቻ ነው› ተባልኩ። ለኛ ለትንንሾቹ የሚሆን ኢንሹራንስ ጭራሽ የለም ማለት ነው?»

አይዞሽ እህቴ። በኢንሹራንስ ኩባንያ ካሳ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ መጥቶ ውሉ የእሳት ብቻ መሆኑን እኔ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብሎ ያወቀ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩን የሚያሳስበው ብድሩ ነው። መያዣው ቢቃጠል ገንዘቡ እንዳይቀርበት ርካሹን ውል ያስገባሻል፣ አረቦኑን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) አንቺ ትከፍያለሽ፣ ካሳ ቢመጣም ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው። ያ ውል እርሻሽን ታስቦ የተጻፈ አይደለም።

ለትንሽ እርሻ የሚሆን ኢንሹራንስ ግን አለ። «የአበባ ኢንሹራንስ» ብለሽ ጠይቀሽ አንድ ወጥ ወረቀት ይሰጡኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ። የምትገዢው ቁርጥራጭ እያደረግሽ ነው። አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለማሽኑ፣ አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ለተክሉ። ሁሉንም መግዛት አትችዪም፣ አያስፈልግሽምም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ቀን ቢጠፋ በሚቀጥለው ወር ሥራ መጀመር የማትችዪበት ነገር የትኛው ነው? ገንዘብሽን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውዪ።

ላንቺ ያ ነገር ፕላስቲክ ቤቱ ነው። ስለዚህ አሁን ባለሽ የእሳት ውል ላይ ተጨማሪ ሽፋን ጠይቂ፦ ነፋስ፣ ጎርፍ እና የበረዶ ውርጅብኝ። እዚህ ላይ ቃሉን አደራ። አንዳንዱ ውል «ማዕበልና ነፋስ» ብሎ ያልፍና በረዶን አይጠራም። በስልክ «አዎ ይገባል» ቢሉሽ አትቀበዪ፣ በተጨማሪ ገጹ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሌላው የፕላስቲኩ ዕድሜ ነው። የግሪንሃውስ ፕላስቲክ ፀሐይ እየበላው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይደክማል። ያረጀ ፕላስቲክ በበረዶ ሲቀደድ ኩባንያው የእርጅናውን ቀንሶ ነው የሚከፍልሽ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እምቢ ይላል። የገዛሽበትን ደረሰኝና የለበሰበትን ቀን አስቀምጪ።

የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ፕላስቲኩም፣ የጠብታ መስኖ ቱቦውም፣ ክሊፑም ከውጭ የሚመጣ ነው። ውልሽ ላይ ያለው ዋጋ ግን የድሮው ሊሆን ይችላል። አሁን ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ2 ሚሊዮን ተመዝግቦ የ1 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስበት፣ «ግማሹን ነው ያስገባሽው» ተብሎ ካሳውም ግማሽ ይሆናል፣ 500 ሺህ። ከዚያም ላይ ተቀናሹ፣ ማለትም ከጉዳቱ ራስሽ የምትችዪው ድርሻ፣ ይነሳል። ውልሽን በየዓመቱ ስታድሺ የዛሬውን ዋጋ ጠይቀሽ አስተካክዪ። አረቦኑ ይጨምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን ግማሽ ካሳ ይዞ ግማሽ ቤት አይሠራም።

ወደ ተክሉ ስንመጣ ይከብዳል። ቆሞ ላለ አበባ ውል የሚሰጥ ኩባንያ ጥቂት ነው፣ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ያወጣሽውን ወጪ እንጂ አበባው ይሸጥ የነበረበትን ዋጋ አይደለም። ቦትራይተስና ዳውኒ ሚልዲው የመሳሰሉ በሽታዎች በአብዛኛው ከውል ውጭ ናቸው፣ ምክንያቱም ኩባንያው «ጥንቃቄ አጉድላችሁ ነው» የሚል ክርክር ውስጥ መግባት አይፈልግም። አንዳንዶች ደግሞ የአየር ንብረት ኢንሹራንስ ግዢ ይሉሻል። ይሄኛው በ2001 ትግራይ አዲ ሐ ላይ ለጤፍ ገበሬ ተሞክሮ ነበር፣ ለቦረና ከብት አርቢም መጥቷል። መልካም ነገር ነው። ግን የሚከፍለው የዝናብ ወይም የግጦሽ መለኪያው ከተወሰነው በታች ሲወርድ ነው፣ ማንም መጥቶ ማሳሽን አያይም። አንቺ ደግሞ በጠብታ መስኖ ነው የምትሠሪው፣ ጠላትሽ በረዶና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ዝናቡ ጥሩ ጥሎ አበባሽ ቢያልቅ ሰባራ ሳንቲም አታገኚም። ለሜዳው ጂፕሶፊላ የውርጭ ሽፋን የሚሰጥ ካገኘሽ ዋጋውን ጠይቂ፣ ካላገኘሽ ያንን ገንዘብ ውርጩን ለሚከላከል መሸፈኛ ጨርቅ አውዪው።

አሁን ከሁሉም በላይ የማምንበትን ልንገርሽ፣ ደብተር ያዢ። አንድ ጊዜ ነፋስ እርሻቸውን የጣለባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ዘንድ ሄድኩ። የአንደኛዋ ሱፐርቫይዘር የትምህርት ቤት ደብተር ይዞ መጣ። ጠርዙ በውሃ ርሶ፣ ሰማያዊው እስክሪብቶ ደብዝዞ። ግን በየቀኑ «መደብ 7፣ 340 ስቴም፣ የተጣለ 22» እያለ የተቆረጠው የአበባ ዘንግ ብዛት ተጽፎ ፊርማ አለበት። የሁለት ዓመት። በዚያ ላይ ክርክር የለም፣ በሳምንቱ ተስማማን። አጥሩን ተሻግሬ ሁለተኛው ዘንድ ስሄድ ጉዳቱ የባሰ ነበር፣ እህል እንደተወቃበት ሜዳ ተኝቷል። «ስንት ትቆርጥ ነበር?» ስለው «ብዙ» አለኝ። ሰውዬው እውነቱን ነበር፣ አምኜዋለሁ። ግን «ብዙ» ብዬ ሪፖርት መጻፍ አልችልም። የተከፈለው ከሚገባው በጣም ያነሰ ነበር፣ ያ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በየወሩ በስልክሽ ፎቶም አንሺ፣ ቀኑ ይታይ።

ሁከትን በተመለከተም ልጨምር። ነሐሴ 2008 ባሕር ዳር ላይ የተቃጠለውን የአበባ እርሻ ታስታውሻለሽ። ተራው የእሳት ውል እሳቱን የለኮሰው ረብሻ ከሆነ አይከፍልም። የረብሻና የአድማ ሽፋን ለብቻው ይጨመራል፣ ከዚያ ከፍ ያለው የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ደግሞ ሌላ ውል ነው። በአካባቢሽ የሚያሰጋ ነገር ካለ ሁለቱ የት ጋ እንደሚለያዩ አስረጂኝ በያቸው።

ከቢሾፍቱ

«ጋሽዬ፣ ወደ ሆላንድ የላክነው 60 ካርቶን ቦሌ ላይ ሁለት ቀን ቆሞ ሲደርስ አንገቱን ደፍቷል። የጭነት ኢንሹራንስ ገዝተን ነበር። ‹መዘግየት አይሸፈንም› አሉን። ታዲያ የከፈልነው ለምን ነበር?»

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን እውነታቸውን ነው። የጭነት ውል «ማንኛውም አደጋ» የሚለው ትልቁም ሳይቀር በመዘግየት ምክንያት የመጣን ጉዳትና ዕቃው በራሱ ባሕርይ የሚበላሸውን አይሸፍንም። አበባ ደግሞ ሁለቱም ነው። ሚያዝያ 2002 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋው፣ መጋቢት 2012 ደግሞ በኮሮና የሆላንድ የአበባ ጨረታ ዋጋ ሲወድቅ፣ ላኪዎች በዚሁ ግድግዳ ተጋጭተዋል። ካርቶኑ ቢጨፈለቅ፣ ቢሰረቅ፣ አውሮፕላኑ ቢወድቅ ትካሳለህ። መጠበቅ ግን የአደጋ ዝርዝር ውስጥ የለም።

በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። ኢንሹራንሱን ተወውና አጓጓዡን ጠይቅ። ኢትዮጵያም ሆላንድም ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዝ የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። በዚያ መሠረት ጭነት ተጎድቶ ሲደርስ ተቀባዩ በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ቀኑ ካለፈ አለቀ። አጓጓዡ የሚቻለውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ይከራከራል፣ ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልግሃል። በየጭነቱ አንድ ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ካርቶን ውስጥ ወርውር። ከእርሻህ በ4 ዲግሪ ወጥቶ ቦሌ ላይ 24 መድረሱን ሰዓቱን ቆጥሮ ይነግርልሃል። ሆላንድ ያለው ሰውህ ዛሬውኑ ይጻፍ፣ ነገ አትበለው።

ሌላም አለ። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ትል ምክንያት ጽጌረዳ ላይ ያለውን ደንብ አጥብቋል። በትል ተይዞ የሚወገድ ጭነት በተለመደው የጭነት ውል አይካስም። እሱን የሚያድንህ የእርሻው ቅኝትና ወጥመድ ነው።

ኮልድ ሩምህን (የማቀዝቀዣ ክፍልህን) ግን ኢንሹራንስ ውስጥ ማስገባት ትችላለህ። የማሽን ብልሽት ውል ግዛና የዕቃ መበላሸት ሽፋን ጨምርበት። ኮምፕሬሰሩ ሌሊት ቢቃጠል ውስጥ ያለው አበባ ይካሳል። መብራት ሄዶ ከሆነ ግን አብዛኛው ውል አይከፍልም፣ ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ አስነስተህ መዝግብ።

ከዋሽንግተን አካባቢ

«የእህቴን እርሻ የምደግፈው እኔ ነኝ። 14 ሠራተኞች አሏት። እኔ ከዚህ ሆኜ በስሜ ኢንሹራንስ ልግዛላት?»

በስምህ አይሆንም። የእርሻው ወረቀት በእህትህ ስም ከሆነ ውሉም በእሷ ስም ይሁን። ያለዚያ ካሳ ሲመጣ «አንተ ምን አጣህ?» ትባላለህ። ገንዘቡን ላክላት፣ የውሉን ቅጂ ግን ሙሉውን አስልከህ አንብበው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ እንድትገዛ የምመክራት የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ በሥራ ላይ ተጎድቶ ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ቢሆን አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ መክፈል አለበት። በትንሽ እርሻ ላይ ይሄ ሙሉ ዓመት የለፉበትን ይበላል። ለየካቲት የቫለንታይን ሽያጭ የሚገቡትን ጊዜያዊ ልጆች ስማቸውን በዝርዝሩ ታስገባ፣ ኩባንያው የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። የመርጫ ኬሚካል የሚነኩት እነማን እንደሆኑም በማመልከቻው ላይ በግልጽ ትናገር። ያ ተደብቆ በኋላ ከተገኘ የተጎዳው ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ እሷ ከኩባንያው ጋር ስትከራከር ትከርማለች።