ጣሪያው ያልበዋል፣ በሩ ያፏጫል፦ የብርዳም ቤቶች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ቤቱ የሚበርደው ሰው ካለ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። ጥቅምት ነውና ጥያቄው ጎረፈ። ጣሪያና ኮርኒስ ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። አብዛኛው ሥራዬ አራዳ፣ ስድስት ኪሎ፣ ልደታና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጋሼ፣ የምንኖረው ስድስት ኪሎ በአያቴ ጭቃ ቤት ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ሁለት ብርድ ልብስም አይችለውም። ግድግዳውን አፍርሰን በብሎኬት ብንሠራው ያዋጣል?

ተው ልጄ፣ ግድግዳውን አትንካው። ደህና ሆኖ የተመረገ፣ ጭድ ያልተሰሰተበት የጭቃ ግድግዳ ከባዶ ብሎኬት የባሰ ብርድ አያስገባም። እንዲያውም ይሻላል። ገንዘብህን ጨርሰህ የባሰ ብርድ ውስጥ ትገባለህ።

ይልቅ ቀና ብለህ ጣሪያውን እይ። ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቀን ያገኘውን የፀሐይ ሙቀት ወዲያው ቁልቁል ይለቅብሃል። ማታ ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወስዶ ለሰማይ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ጤዛ የምታየው ለዚህ ነው። የሞቀ አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የሚጠብቀው ይሄ ብረት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒሱ ይስተካከል። ቀጥሎ ግድግዳው ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበት ክፍተት። በርና መስኮት ከዚያ በኋላ። ግድግዳ መጨረሻ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይነካ ይታለፋል።

ኮርኒስ አለን፣ ግን ይበርደናል። አቡጀዴ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ ነው። ምን ብናደርግበት ይሻላል?

አቡጀዴ አቧራ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይይዝም። ቢሆንም አትናቁት፤ ሳይቀደድ ጫፉ በደንብ ከተለጠፈ ነፋስ ይመልሳል። ችግሩ ከላዩ ምንም መሸከም አለመቻሉ ነው።

አቅም ካለ አቡጀዴው ይውረድና ሞራሌ፣ ማለትም ኮርኒሱን የሚሸከም እንጨት፣ ተመትቶ ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ይግባ። ከላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግላስ ዉል፣ ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር፣ ይነጠፍ። አሥር ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛው ጓንትና ማስክ ያድርግ፣ እጅጌውን ይሸፍን፤ ያሳክካል። ነጩ ፎምም ይሠራል፤ ነገር ግን እሳት ይወዳል። ከታች ሳይሸፈን ክፍል ውስጥ ተገልጦ እንዲቀር አልፈቅድም፣ በተለይ ወጥ ቤት አጠገብ።

ብርማ ፎይልም እየተሸጠ ነው። ብዙ ሰው ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ይመታውና «አልሠራም» ይላል። ፎይል የሚሠራው ብርማ ፊቱ ወደ ባዶ አየር ሲያይ ነው። ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ክፍተት ይፈልጋል። በሁለቱም በኩል ከተጣበቀ ብልጭልጭ ወረቀት ነው፣ በቃ።

ሰጋቱራ በማዳበሪያ ሞልቼ ኮርኒስ ላይ ብደረድረውስ? የአናጺ ጎረቤት በነፃ ይሰጠኛል።

ሙቀት መያዝስ ይይዛል። ግን ሦስት ነገር አስብ፤ እሳት፣ አይጥ፣ ክብደት። ኮርኒስህ ስስ ከሆነ አንድ ሌሊት እራት ላይ ይወርድብሃል። ጭድና አሮጌ ልብስም እንዲሁ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ነፃ አይደለም።

ነፋስ የሚገባበት ቦታ ጠፋኝ። በርና መስኮት ተዘግቶም መጋረጃው ይወዛወዛል።

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ሰንደል ግዢ። ነፋስ ያለበት ቀን፣ ወደ አመሻሽ፣ በርና መስኮቱን ሁሉ ዝጊና ለኩሺው። ከዚያ ቀስ እያልሽ በየጥጉ ዙሪ፤ በመጋረጃ አጠገብ ስታልፊ ተጠንቀቂ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ሰላም ነው። ተጋድሞ ወደ ውስጥ ከሮጠ ነፋሱ የሚገባው እዚያ ነው። ወደ ክፍተቱ ከተሳበ ደግሞ ሙቀትሽ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ቡና ስታፈይ የዕጣኑ ጭስ ወዴት እንደሚጋደም ብታዪም ግማሹን ይነግርሻል።

ሁሉም መስኮት ይጠረጥራል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሌላ ቦታ ነው። የኮርኒሱ ጠርዝ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት። የመብራት ገመድ የወጣበት ቀዳዳ። የጣውላ ወለል ከሆነ ደግሞ ከጣውላው ሥር፣ በተለይ የጣሊያን ዘመን ቤቶች ላይ። እና የበር ሥር።

የበር ሥር የሚባለውን ሰው ይንቀዋል። በሩ 90 ሴንቲ ስፋት አለው እንበል፣ ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ክፍት ነው። ይሄ ማለት ግድግዳሽ ላይ 13 በ14 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ከፍተሽ መተኛት ነው። ድመት አንገቷን ታስገባበታለች። ይገርመኛል፤ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ብርድ ይመታናል» ብሎ የሚጮኸው ተሳፋሪ ሁሉ ቤቱ ሲገባ በዚህ ቀዳዳ ሥር ይተኛል።

በር ሥር የሚመታ ጎማ ሱቅ ይሸጣል። መቃኑ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅም አለ። የመስታወቱ ስቱኮ ደርቆ ከወደቀ አስነሺና በአዲስ አስመቺ። የኮርኒስ ጠርዝ በሲሊኮን ወይም በጂፕሰም ይዘጋል። ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ ጨርቅ ወይም ፎም ጠቅጥቂበት። በላሜራ በር ላይ ከውስጥ በኩል ወፍራም መጋረጃ እስከ ወለል ድረስ ስቀዪ፤ ያልጠበቅሽውን ለውጥ ታያለሽ።

አሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፍ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የተሰነጠቀ ምርጊት ነፋስ እንዳያስገባ ነው። እኔ ራሴ ፊደል ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ማንበብ የለመድኩት አልጋዬ አጠገብ ተገልብጦ ከተለጠፈ የአዲስ ዘመን ገጽ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ገልብጬ ማንበብ እችላለሁ።

ሁሉንም ክፍተት ከዘጋን በኋላ ማታ ከሰል አስገብተን ብንሞቅ ቶሎ አይሞቅም? ጭሱ እስኪያልቅ ውጪ አቀጣጥለን ነው የምናስገባው።

አይ! እባክዎ እዚህ ላይ ያዳምጡኝ። ሰው የሚሞተው እንደዚህ ነው።

ጭሱ ያለቀ፣ ፍም የሆነ ከሰል ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። የተኛ ሰው ደግሞ ራሱን እንዳመመው አያውቅም። እስከ ዛሬ አሮጌው ቤት ያተረፈን በቀዳዳነቱ ነው። ቀዳዳውን ዘግቶ ከሰሉን ማስገባት ማለት ያንን መትረፊያ መድፈን ነው።

«ውኃ አጠገቡ እናስቀምጣለን» ያሉኝም አሉ። ውኃ ይህንን ጋዝ አይይዝም። «መስኮቱን ትንሽ ገርበብ እናደርጋለን» ያሉም አሉ። ለቡና ያህል፣ ሰው ነቅቶ እያለ፣ በርና መስኮት በደንብ ተከፍቶ ይሁን። ለመተኛት ግን በምንም ዓይነት አይሆንም። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች ያውቁኛል፤ ቤቱ ውስጥ ከሰል የሚያድር ከሆነ ክፍተት አልዘጋም፣ ሥራውን ትቼ እሄዳለሁ።

ወጥ ቤቱ ከመኝታ ክፍል ጋር አንድ ከሆነም ያው ነው። የወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ አይደፈንም።

ዝናብ ሳይኖር ኮርኒሳችን ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ አስመታን፣ አልለቀቀንም።

ጣሪያው አያፈስም፣ ያልበዋል። እስትንፋሳችሁ፣ የወጡ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው እርጥብ ልብስ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። ንጋት ላይ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆንና ተመልሶ ይወርዳል።

ይህንን በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። የእናቴን ቤት ላሞቅ ብዬ በጣሪያው ሁለት ጫፍ የነበሩትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ግጥም አድርጌ ደፈንኩ። ኮርኒሱን ግን አልነካሁትም። ታኅሣሥ ላይ አልጋዋ ላይ ጠብ፣ ጠብ። «ድሮ ብርድ ብቻ ነበር፣ አንተ ዝናብ ጨመርክበት» አለችኝ። ትክክል ነበረች።

መላው ይሄ ነው። ኮርኒሱ ይዘጋ፣ ጣሪያው ይተንፍስ። በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከውጪ አየር ማግኘት አለበት። ቀዳዳዎቹ ላይ ወንፊት ሽቦ ምቱበት፤ አይጥና ወፍ እንዳይገባ። ሙቀት የሚያቆመው መስመር ኮርኒሱ ነው፣ ቆርቆሮው አይደለም።

የጭቃ ግድግዳችንን በሲሚንቶ ልናስለስነው ነው። ብርዱን ይቀንሳል?

ስንጥቁን ይደፍናል፣ ለጥቂት ጊዜ። ሲሚንቶና ጭቃ ግን አይስማሙም። ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግትር ነው። ይሰነጠቅና ውኃ ከኋላው ይገባል፣ መውጫ ያጣል። ውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ማገር ይበሰብሳል። የረጠበ ግድግዳ ደግሞ ከደረቀው የበለጠ ሙቀት ይሰርቃል። በጭድ በቦካ ጭቃ አስመርጉት፣ ሲደርቅ ኖራ ቀቡት። ከዚያ በፊት ግን የጣሪያው ውኃ ግድግዳው ሥር እየወረደ ከሆነ አሸንዳና ቦይ ይሠራ። ግማሹ ብርድ ከሥር የሚመጣ እርጥበት ነው።

ጋሼ፣ እኛ ያለነው የቀበሌ ቤት ነው። ነገ ይፍረስ አይፍረስ አናውቅም። ልልፋ?

ይገባኛል። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ቤቶች የኖረ ሰው ሚስማር ለመምታት እንኳ እያመነታ ነው የኖረው። ፒያሳና ካሳንቺስ የሆነውንም ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ ይዘህ ልትሄድ የምትችለውን ብቻ ሥራ። ወፍራም መጋረጃ፣ የበር ሥር ጎማ፣ ወለል ላይ ምንጣፍ፣ ከአልጋው ራስጌ በኩል በጨርቅ የተሸፈነ ቺፑድ። ቺፑዱ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይበል፣ እንዳይሻግት። ኮርኒስ መቀየር ከፈለግህ ግን መጀመሪያ ወረዳ ሄደህ ጠይቅ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዝ።

ኮንዶሚኒየም ለምን ይበርዳል?

ብሎኬትና ነጠላ መስታወት ስለሆነ። የመስኮቱን ፍሬም ዙሪያ በሲሊኮን ዝጉ፣ መጋረጃ አወፍሩ። የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ከላይ ያልኩት የጣሪያ ጉዳይ እናንተንም ይመለከታል።

ኮርኒስ ላይ ግላስ ዉል ከመነጠፉ በፊት ማየት ያለብን ነገር አለ?

ሽቦው! ጎበዝ፣ ይህንን የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሮጌ ቤት ኮርኒስ ውስጥ በፕላስተር የተጠቀለሉ መጋጠሚያዎች፣ ሽፋናቸው የተላጠ ገመዶች ሞልተዋል። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቀጭን ገመድ ይሞቃል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሙቀቱን ይበትነው ነበር። ግላስ ዉል ሥር ከተቀበረ ግን የት ይሂድ? መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ገብቶ ያየዋል፣ ከዚያ እኛ እንገባለን። ተራው አይገለበጥም።

ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታ ቴሌቪዥን አይሰማም። ይሄስ ይድናል?

በደንብ ይቀንሳል። ወፍራም ኮርኒስና ከላዩ ግላስ ዉል ድምፁን ይውጠዋል። አንድ ደንበኛዬ፣ ጨርቆስ ያሉ እናት፣ ከሠራንላቸው በኋላ ሐምሌ ላይ ደወሉልኝ። የሆነ ነገር ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። «ልጄ፣ ዝናቡን ሳልሰማው ቀርቼ የሰጣሁት በርበሬ ረጠበብኝ» አሉኝ።